ሦስተኛው ክፍል

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን

ከሰዓት በኋላ ቁስቋም አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ሦስታችንም ተገናኘን። የምናገኘው አንድ ቅጂ ብቻ በመሆኑ፣ ካህናት ዳዊትን ተከፋፍለው እንደሚደግሙት፣ ልብ ወለዱን ከሦስት ገንጥለን፣ እያንዳንዳችን ያነበብነውን ለሌሎቹ ልንተርክ ተካፍለነው ነበር። ልማዱን ያስጀመረን ታላቃችን መሳፍንት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ክፍል ተረክሁ፤ ነርሷ ሕይወት መካከለኛውን ቀጠለች። መጨረሻው ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣው የመሳፍንት ድርሻ ነበር።

«የእኔውስ ገበያ ወጥቷል» አለ። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል፤ ገጾቹን የበርበሬ መጠቅለያ አድርጓቸዋል።

ሕይወት ሳቀች። «ምነው አያ መሳፍንት! ልጅቱ ማንን እንዳገባች እንኳ ሳትነግረን?»

«አላነበብሁትም፣ እቴ።»

ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ቀልድ አልነበረም። መንገድ በተዘጋበት ወራት እንኳ ድርሻውን አንብቦ በስልክ ይተርክልን የነበረ ሰው ነው። ለመጽሐፉ አላዘንሁም፤ ሌላ ቅጂ አንድ ቀን ይገኝ ይሆናል።

የሚቀጥለውን መጽሐፍ ማን ይምረጥ ብዬ ስጠይቀው ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «እሱን ለሁለት ክፈሉት» አለኝ።

ልከራከረው ይገባኝ ነበር። «እሺ» አልሁት።