አርባ ሰባት ኪሎ አሸዋ

ሰኞ፣ ሐምሌ 14 ቀን
ከዳገቱ ቤት

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከርመሻል? ትንሿስ? ደረቷ አሁንም በብርድ ይታፈናል ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፍልሽ። የሚጽፍልኝ ሰው አጥቼ አይደለም፤ ሌላ ሰው እንዲያነበው ስላልፈለግሁ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድብሽ ታገሺኝ። እጄ የለመደው ድንጋይ እንጂ እስክሪብቶ አይደለም።

መጨረሻ ላይ የጻፍሽልኝ ቃል ከልቤ አልወጣም። «እናቴ በሸክም ስትወርድ የቀረችበት ዳገት ላይ ልጄን አላወጣም። መኪና በማይደርስበት ቤት ደረቷ ቢታፈን ምን ልሆን ነው?» ብለሽኛል። ተቆጥቼ ሁለት ወር ዝም አልኩሽ። በሦስተኛው ግን ዝምታው እኔኑ በላኝ። ስለዚህ ባለ አራት ጎማ ሞተር ልገዛ ነው፤ ያን እንደ በቅሎ ላዩ ላይ ተቀምጠው የሚነዱትን፣ መኪና የማይወጣውን የሚወጣውን። ትምህርት ሳይከፈት ትንሿን ይዘሽልኝ እንድትመጪ ነው። ሳላያት ዓይኔ እንዳይከደን ነው እንጂ እኔማ በእግሬ እስከ ዛሬ ኖሬያለሁ።

ታች ከተማ ሻጩ ዘንድ ሁለት አሉ፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ግራጫ። ጉልበታቸው እኩል ነው፣ መንታ ናቸው፣ ቀለም ብቻ ይምረጡ አለኝ። እኔ አርባ ዓመት ስገነባ መንታ ድንጋይ አይቼ አላውቅም። ከሱቁ ጀርባ ተዳፋት ላይ አግድም አስቆምኳቸውና የግድግዳ ቅናት የምለካበትን ቱንቢዬን አውጥቼ ከመሪያቸው መሃል አንጠለጠልኩ። ሻጩ «አባባ፣ ግድግዳ ሊያቆሙበት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ቢገለበጥ ከሥር የሚገኘው አንተ አይደለህም አልኩት። ቀዩ ቁመቱ ረዘም ይላል፤ ክሩ ወደ ታችኛው ጎማ ሸሸ። ግራጫው ሰፊና ዝቅ ያለ ነው፤ ክሩ ከመሃል ብዙም አልራቀም።

ከዚያ አርባ ሰባት ኪሎ አሸዋ አስመዝኜ ከኋላ አሳሰርኩ። ለምን አርባ ሰባት ሆነ አለኝ፤ ልኬ ነው ብዬ አለፍኩት። የማን ልክ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። የቀዩ መሪ በአንድ ጣት ይዞራል፣ ደስ ይላል። ስወርድ ግን ፍሬን ስይዝ ኋላው ይንሸራተታል፤ አሸዋው ጀርባዬን ይገፋኛል። የግራጫው መሪ ከባድ ነው፣ ትከሻዬን ነቅሎታል። ቁልቁለት ላይ ግን ነዳጅ መስጠቱን ስተው ራሱን ይዞ፣ እንደ ሰው እየተራመደ ይወርዳል። አሸዋው ከቦታው አልተነቃነቀም።

የቀረኝ የቱ እንደማይከዳ ማወቅ ነበር። ሻጭ የገዛ ዕቃውን አያማም፤ ማዶ ያለውን መካኒክ ጠየቅሁት። ቀዩ ጭቃ ውሃ ሲገባበት ጎማውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ይንሸራተታል፤ ብርድ ባለ ጠዋትም ሦስት አራቴ ካልለመኑት አይነሳም አለኝ። ግራጫውስ ስለው፣ እኔ ዘንድ መጥቶ ስለማያውቅ አመሉን አላውቅም፤ ጎረቤትዎ እንጨት ሰንጣቂው የዚሁኑ ዓይነት ስድስት ዓመት ነድቷልና እሱን ይጠይቁት አለ።

እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

ረቡዕ

ልጄ፣ ሄድኩ። ዘጠኝ ዓመት ያልረገጥኩትን ደጅ አንኳኳሁ። ጠባችንን ታውቂዋለሽ። የአጥሩን ግንብ ሠርቼ ስጨርስለት ሰው ሰብስቦ ጠሟል አለኝ። ለእኔ ይህን ከማለት በጥፊ ቢመታኝ ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን እንኳ ተቀብዬው አላውቅም።

ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ እንዳለ ወጣ። አርጅቷል። ትንሽ አየኝና መንገድ ጠፍቶህ ነው ወይ አለኝ። ያንተን ዓይነት ሞተር ልገዛ ነው፣ ከድቶህ ያውቃል ወይ ብዬ ሳልቀመጥ ጠየቅሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ግንድ ስጎትትበት አንድ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም፤ ክረምት በጋ አይልም፣ በመጀመሪያው ይነሳል አለኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጥቅምት ላይስ አልኩት። ተበላሽቶ ነበር እንዲለኝ ፈልጌ ነው መሰለኝ።

ወደ ደጁ ዞረ። «የባለቤትህ ጊዜ? እዚሁ ቆሞ ነበር፣ ቁልፉም እንደተሰካ። በጉሙ ውስጥ ስትወርድ በመስኮት አይቼህ ነበር። ዕቃ የተሸከምክ መስሎኝ ነው።»

ልጄ፣ ያኔ የነገርኩሽ ውሸት ነው። የሰንጣቂው ሞተር ተበላሽቶ ነው ብዬሻለሁ። አልተበላሸም። አልጠየቅሁትም። እናትሽ ደረቷን ይዛ «ስለ እኔ ብለህ ጠይቀው» አለችኝ። እኔ «ጀርባዬ እያለ የእሱን ደጅ አልጠናም» አልኳት። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እጇ ከአንገቴ ላላ። እስከ ታች ድረስ ግን ያቺን አርባ ሰባት ኪሎ ከጀርባዬ አላወረድኳትም፤ ለራሴ የተኛች እያስመሰልኩ አወራት ነበር።

ከደጁ ስወጣ ቱንቢው ኪሴ ውስጥ ነበር። ያን የሠራሁትን የአጥር ግንብ ላይ አንጠለጠልኩት። አንድ ጣት ሙሉ ጠሟል፣ ልጄ። ሰውየው እውነቱን ነበር።

አሁን አልመጣም ብትይ አልፈርድብሽም። ለሻጩ ዓርብ እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ፤ ግራጫውን ልወስድ ነው። ለእኔስ ቀዩ ይቀለኝ ነበር፤ በለገመ ቁጥር ሞተር እንዲህ ነው እያልኩ እጽናና ነበር። ግራጫው በየጠዋቱ በመጀመሪያው ሲነሳ እየሰማሁ እንዴት እንደምኖር አላውቅም። ለትንሿ የሚሆናት ግን እሱ ነው። ባትመጡም እገዛዋለሁ። ብቻ ዝም አትበይኝ። እየሰደብሽኝም ቢሆን ጻፊልኝ፤ ፊደል ለቅሜ አነበዋለሁ።

የትንሿን ደረት እንደ ንጋት ይክፈትላት። የምትረግጪው አይክዳሽ፣ የምትጠሪው አይጥፋብሽ።

አባትሽ

ይህን ረስቼው፦ ግራጫውም ቢሆን ብረት ነውና አንድ ቀን እምቢ ሊል ይችላል። ከደጃችን እስከ ሰንጣቂው በር ሰማንያ ሁለት እርምጃ ነው። ዛሬ ስመለስ ቆጥሬዋለሁ።