ለልጃቸው የቆየ ጠጅ

እሑድ፣ ኅዳር 11 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ዳባት

ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ በደባርቅ መንገድ መኪና አይታይም። ዛሬ እስከ ወቀን በብስክሌት ስሄድ የሰማሁት የሰንሰለቱንና የንቦችን ድምፅ ብቻ ነው። መንገዱ ሁሉ የኔ ሆነና ደስ አለኝ።

ወቀን ስደርስ ውሃ ጠማኝና ከመንገድ ዳር ወዳለ ቤት ጎራ አልሁ። ባለቤቷ እትዬ ስንዱ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ውሃ ብለምናቸው አፉ በጭቃ የተመረገ ገንቦ አውጥተው ከፈቱ።

«ለልጄ ያቆየሁት ጠጅ ነው» አሉኝ። «ከዘመተ ወዲህ ወሬው የለም። በመኪና ነው የወሰዱት፤ በመኪና ይመጣል እያልሁ መንገዱን አያለሁ።»

«ታዲያ እሱ ሳይመጣ ለምን ይከፍቱታል?»

«እኔ ለመንገደኛ ካልሰጠሁ፣ የኔን ልጅ በሰው አገር ማን ያጠጣዋል?»

በብርሌ ቀድተው ሰጡኝ። ተቀብዬ ጠጣሁት። እስክጨርስ ድረስ ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አልነቀሉም።

ስመለስ መንገዱ ያው ጭር ያለ ነበር፤ ጭርታው ግን እንደ ጧቱ አላስደሰተኝም። ዳገት ላይ ከብስክሌቴ በወረድሁ ቁጥር ከኋላዬ መኪና ይመጣ እንደሆነ አዳመጥሁ። ምንም የለም።

አሁን ለልጁ ልጸልይለት ብዬ ተነሣሁ። ለካ ስሙን አልጠየቅኋቸውም።