አሥራ አንድ ሰከንድ

ሰኞ፣ የካቲት 3
ከትምህርት በኋላ የኮምፒውተር ክፍል። ዘጠኝ ልጆች፣ ሰባት ኮምፒውተር፣ አንዱ በጥፊ ካልተመታ አይነሳም። የጌም ሐሳባቸውን በሦስት ደቂቃ ለጌም ውድድሩ ዳኞች እንዲያቀርቡ አለማመድኳቸው። በስምንቱ ጌም ውስጥ ሽጉጥ አለ። ዘጠነኛዋን ልጅ ሌሎቹ "ቀስ በቀስ" ይሏታል። አንድ ቃል ብላ ሌላውን እስክታመጣ እንቁላሉ በእግሩ ይሄዳል።
"ተጫዋቹ... አስተማሪ ነው... ተማሪዋ ስትናገር..."
"ትረብሻለች፣ እሱ ይቀጣታል" አልኳት። ደብተሯን ዘጋች።

ረቡዕ፣ የካቲት 5
ዳይሬክተሩ ጠራኝ። "በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ውድድሩን አንድም ልጅ ካላለፈ፣ ክፍሉን ለሂሳብ ማጠናከሪያ እሰጠዋለሁ። ወላጅ 'ጌም ምን ይሠራል' እያለኝ ነው።" እሺ ብዬ ወጣሁ። ምን ልበል? ሁለት ዓመት የለፋሁበት...

ሰኞ፣ የካቲት 10
"ቀስ በቀስ" ጨዋታዋን ጽፋ ሰጠችኝ። ተማሪዋ ተናግራ እስክትጨርስ ተጫዋቹ ዝም ይላል። አፉን ከከፈተ ተሸነፈ። በቃ። ዝም ማለት ጨዋታ ይሆናል እንዴ?
"ጠላት ጨምሪበት፣ ዳኞቹ ያዛጋሉ።"
"እሺ ቲቸር።" እሺታዋ ደስ አላለኝም።
ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። "አስተማሪው ማን ይመስል..."
"እኔ እንጃ፣ ምናልባት የሂሳቡ..."
"አየህ? አላስጨረስከኝም።"

ዓርብ፣ የካቲት 14
አዳራሹ ሙሉ፣ ዳይሬክተሩ ከፊት። ዳኞቹ ስምንቱን "እናመሰግናለን፣ ቀጣይ" ብለው ሸኙ። የቀረችው እሷ ብቻ።
"ጨዋታዬ..." አለችና ቆመች። ሰዓቱ ይሄዳል። ዳይሬክተሩ ዞሮ አየኝ። ምላሴን ነከስኩ... አልቻልኩም። ተነሳሁ።
"ማለት የፈለገችው..."
"ቲቸር፣ ተሸነፉ" አለች ቀስ ብላ። "አሥራ አንድ ሰከንድ ነው የቆዩት። ጨዋታዬ... ይሄ ነው።"
አንዷ ዳኛ ሳቀች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ጥያቄ ጠየቋት፣ አንድ በአንድ መለሰች፣ ማንም አላቋረጣትም። አለፈች።
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አፈርኩ። ደስም አለኝ፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

ሰኞ፣ የካቲት 17
ክፍሉ የኛ ነው። ኮምፒውተሩ ዛሬም በጥፊ ተነሳ። "ቀስ በቀስ" እጇን አወጣች።
"ቲቸር... ተጫዋቹ..."
እጆቼን ጠረጴዛው ሥር ደበቅኩ። ቆጠርኩ። አሥራ አንድ... አሥራ ሁለት... አሥራ ዘጠኝ...
"ዝም ያለው... እየሰማ ይሁን... ወይስ ተኝቶ... ጌሙ በምን ያውቃል?"
ጉድ። "አላውቅም" አልኳት።