ከጥቁሩ ሙሉ ልብስ ባለቤቶች ለቅያሱ ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ዶ ካክ ቪን፣
በሃይፎንግ ከተማ የአሮጌው ጉድጓድ ቅያስ ነዋሪዎች ሰብሳቢና የድምፅ ማጉያው ባለአደራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የደም ግፊትዎ፣ የባለቤትዎ የወይዘሮ ቱየት ጉልበት፣ የወንዶች ልጆችዎ ሥራ፣ እንዲሁም ከበረንዳዎ የተሰቀለችው ወፍ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ፣ ማለትም እኔ ናቴላና ባለቤቴ ዙራብ፣ በመርከብ ጣቢያው ሥራ ምክንያት ከጆርጂያ መጥተን ባለቀይ በሩን ቤት የተከራየነው ባልና ሚስት፣ ለጊዜው ደህና ነን። ለጊዜው ያልኩበትን ምክንያት ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በእጅዎ ማስረከብ በተገባኝ ነበር። ነገር ግን እርስዎ የእኛን ጉዳይ ገና ጎህ ሳይቀድ በድምፅ ማጉያ ለመላው ቅያስ እያካፈሉ የግልጽነትን ጥቅም ስላስተማሩን፣ እኔም የእርስዎን ፈለግ ተከትዬ በእትዬ ሉየን የሸርጣን ኑድል መሸጫ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ወደ አገሩ ቋንቋ የመለሰችልኝ ልጃቸው ሃን ናት። ቃላቱ ለስልሰው ካገኟቸው የእሷ ደግነት ነው፤ ከጎረበጡዎት የእኔ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አከራያችን ወይዘሮ ኩክ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው መጡና፣ "ልጆቼ፣ እኔ ከእናንተ ጋር ምንም የለኝም፤ ግን ሰብሳቢው እንዲህ ይሻላል አሉ፣ እኔም እዚሁ ነው የምኖረው" ብለው፣ አዲሱ ዓመት ከመግባቱ በፊት ቤቱን እንድንለቅ ለመኑን። ሲለምኑን አለቀሱ። በዚህ ዕድሜ ያሉ አሮጊት ማስለቀስ ቀላል ሥራ አይደለምና፣ ለተሳካልዎት ለእርስዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

የጥፋታችንን ታሪክ እርስዎ በሚገባ ያውቁታል። ሆኖም ኑድል ሊበላ ጎራ ብሎ ይህን የሚያነብ መንገደኛ ግራ እንዳይገባው በአጭሩ ላስታውስ። በዚህ ቅያስ በአዲስ ዓመት ማለዳ ወደ አንድ ቤት ቀድሞ የሚገባ ሰው የዚያን ቤት የዓመቱን ገድ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ገደኛ የተባለ ሰው አስቀድሞ ተመርጦ፣ ተለምኖ ይጠራል። ያልተጠራም ደፍሮ አይገባም። ለብዙ ዘመን ያ ገደኛ እርስዎ ነበሩ፤ የሦስት ወንዶች ልጆች አባት፣ ሆድዎ የሞላ፣ ሳቅዎ ከቅያሱ ጫፍ የሚሰማ። በየቤቱ እየገቡ ይመርቃሉ፣ በየቤቱም ይጋበዛሉ።

ባለፈው አዲስ ዓመት እኛ ከመጣን ገና ሦስት ወራችን ነበር። በእኛም አገር በአዲስ ዓመት ጣፋጭ ይዞ ቀድሞ የሚገባ እንግዳ ይመረቃል እንጂ ማን ጠራህ ተብሎ አይጠየቅም። እኛም ጎረቤታችንን እትዬ ሉየንን እንመርቃለን ብለን ተነሣን። ዙራብ ያለው አንድ ሙሉ ልብስ ነው፤ ያገባኝም በእሱ ነው፤ ጥቁር ነው። እኔ ደግሞ ከገበያው ያማረውን አበባ ነጭ ሆኖ አገኘሁትና አንድ ትልቅ እቅፍ ገዛሁ። ሻጯ እጄን ጨብጣ፣ "አይዞሽ እህቴ፣ ሁሉም ያልፋል" ብላ ከዋጋው ቀነሰችልኝ። የዚህ አገር ሰው እንዴት ደግ ነው እያልኩ ወደ ቤት ገባሁ። ነጭ አበባና ጥቁር ልብስ እዚህ ለቀብር መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

እንግዲህ በዓመቱ የመጀመሪያ ማለዳ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ ተሰልፈን የእትዬ ሉየንን በር አንኳኳን። እትዬ ሉየን ከፍተው ሲያዩን ክው አሉ። ከዚያ ግን ወደ ዙራብ እግር ተመለከቱና፣ አንዱ እግሩ ከደጃፉ ውስጥ ስለነበር፣ "በሉ ግቡ እንግዲህ፣ ግማሽ እግር አይመለስም" ብለው ሻይ አቀረቡልን። በዚሁ ሰዓት እርስዎ አዲስ ኮትዎን ለብሰው፣ የገድ ገንዘብ የሚታደልባቸውን ቀያይ ፖስታዎችዎን ይዘው ሲደርሱ፣ ከደጃፉ ላይ የዙራብን ታንኳ የሚያካክሉ ጫማዎች አዩ። ወዲያው ዞረው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእርስዎ ዘንድ ስማችን ገደ ቢሶቹ ሆነ።

አሁን ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የቅያሱ የውሃ መሳቢያ ሞተር መቃጠሉን፣ የወፍዎን ዝም ማለትና በክረምቱ የመጣውን ማዕበል ለእኛ ስለሰጡን ከልብ እናመሰግናለን። ባለቤቴ በመርከብ ጣቢያው ውስጥ አንዲት ብረት ያለ አለቃው ፊርማ ማንሣት አይችልም። እርስዎ ግን ከባሕሩ ማዕበል አስነሥቶ የስንቱን ቤት ቆርቆሮ የሚያስገነጥል ኃይል እንዳለው መሰከሩለት። እናቱ ይህን ብትሰማ ምን ያህል ትኮራ ነበር! ከእኛ ቤት ጣሪያ ላይ የወረደውን ቆርቆሮ ማን እንዳስገነጠለው ግን እስካሁን አልነገሩንም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ የድምፅ ማጉያው የተሰቀለበት ምሰሶ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ፊት ለፊት ነው። የቆሻሻ ቀንን፣ የክትባት ቀንንና የውሻ ማሰሪያን የሚመለከተውን ሁሉ ከትራሳችን ሳንነሣ እንሰማለን፤ ቋንቋውን የለመድነውም ከእርስዎ ነውና አስተማሪያችን ነዎት። ነገር ግን "አንዳንድ የውጭ ሰዎች የቅያሱን ልማድ እንዲያከብሩ" እያሉ ሲጀምሩ፣ በዚህ ቅያስ ከእኛ ሌላ የውጭ ሰው ስለሌለ፣ አንዳንድ የሚለውን ቃል ቢተዉትና በስማችን ቢጠሩን ጊዜ ይቆጥባሉ።

ሦስተኛው ቅሬታ ቀልድ አይደለም። ክቡር ሆይ፣ ዙራብ ሥራው ወደብ ከወደብ የሚያዞር ነው። እኔም ተከትዬው ስዞር፣ ከአራት አገር የወጣሁት የጎረቤቴን ስም ሳላውቅ ነው። እዚህ ስመጣም ያው ይሆናል ብዬ ሻንጣዬን ለወራት አልፈታሁም ነበር። እዚህ ግን በር ሳልከፍት ብውል፣ "አንቺ፣ በልተሻል ወይ?" እያሉ በሬን የሚደበድቡብኝ ሰዎች አገኘሁ። በመጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ ብበላ ባልበላ ምን አገባቸው ብዬ። ባሕሩ ያመጣብኝ ትኩሳት ሲጥለኝ ግን እትዬ ሉየን ሱቃቸውን ዘግተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ዙራብ ሥራ ላይ ስለነበር ገንፎ ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ እኔ ዘመዶቼ ሁሉ ሩቅ ናቸውና ያለኝ ይኸው ጎረቤት ብቻ ነው። እርስዎ የሚነጥቁኝ ቤት አይደለም፤ ቤት በየትም ይከራያል። የሚነጥቁኝ ያንን በር የሚደበድበውን እጅ ነው። ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ፣ ደግሞም አላፍርበትም።

አራተኛ ቅሬታ አልነበረኝም፤ ሦስተኛውን ስጽፍ ተናድጄ መጣ። የገዱ ሕግ እውነት ነው እንበል። እንግዲያው በሕጉ እንዳኝ። እኛ የገባነው የእትዬ ሉየን ቤት ዓመቱን እንዴት ከረመ? ከተዳረች ጀምሮ ልጅ ያጣችው ሃን በመከር ወንድ ልጅ ታቀፈች። ሱቁም ለደንበኛ ጠቦ ጎን ያለው ክፍል ተጨመረበት፤ ይህ ደብዳቤ የተለጠፈውም በአዲሱ ግድግዳ ላይ ነው። የእርስዎ ወፍ ግን ለምን ዝም አለች? ያን ማለዳ ዞረው ወዴት ሄዱ? ወደ ቤትዎ። ቤትዎ የተመረጠውን እንግዳ፣ የወይዘሮ ቱየትን ወንድም፣ እየጠበቀ ሳለ፣ እርስዎ ፊትዎ ቀልቶ፣ ጥርስዎን ነክሰው፣ በሩን ገፍትረው ቀድመው ገቡ። መላው ቅያስ አይቷል። በአዲስ ዓመት ማለዳ ወደ ቤትዎ ቁጣ ይዞ የገባው ሰው ጆርጂያዊ አልነበረም።

ይህን ስል ለማሳዘን አይደለም። እኔ በወፍ ዝምታ ሰው አልከስም፤ ምናልባትም አርጅታ ይሆናል። ሕጉ በጠላት ቤት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ሕግ አይደለም፣ ቂም ነው። ለዚያውም የበቀለው እኔ እስከማውቀው ድረስ በአንድ ቀን ቁርስ ምክንያት ነው። እትዬ ሉየን ያን ማለዳ ለእርስዎ ያዘጋጁትን የተጠበሰ ዶሮ ዙራብ እንደበላው አልክድም። ጨርሶ ነው የበላው። ስለዚህ ጉዳይ ብቻ፣ ስለ ዶሮው፣ በባለቤቴ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በመጨረሻም፣ ስላስተማሩን፣ ስላስነቁን፣ ማዕበሉንና ሞተሩን በእኛ ላይ ስለቆጠሩልን፣ ስለ አከራያችንም እንባ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ዕድሜዎ እንደ አሮጌው ጉድጓድ እንዲረዝም፣ ድምፅዎም በማጉያው ሳይሆን ያለ ማጉያው እንዲሰማ እመኛለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ በትራስ ሥር ጆሮ ያላት ተማሪዎ፣
ናቴላ፣ ከባለቀይ በሩ ቤት፣ ለጊዜው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ልረሳው ነበር። ባለቤትዎ ወይዘሮ ቱየት ትናንት በጓሮ በር መጥተው ነበር። የታላቁ ልጅዎ ሚስት ልጅ አጥታ አሁንም እየጠበቀች መሆኑን ነገሩኝና፣ በአዲስ ዓመት ማለዳ ዙራብ ያንኑ ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ነጩንም አበባ ይዞ፣ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ቤትዎ እንዲገባላቸው ለመኑኝ። አቶ ቪን ምን ይላሉ ብላቸው፣ "ጻፊለት፤ እኔ ስነግረውማ መች ይሰማኛል፣ በግድግዳ ላይ ሲያየው ግን ያነበዋል" አሉኝ። ስለዚህ ጻፍኩ። ልብሱ ታጥቦ ተሰቅሏል፣ ዙራብም ፈቃደኛ ነው። ችግሩ፣ በእርስዎ ምክር መሠረት ያን ማለዳ የት እንደምንሆን አናውቅም።