የረሂማ መዝገብ

ውድ ረሂማ፣

ስልክሽ ይጠራል፣ አታነሺውም። አልፈርድብሽም። ደብዳቤ ግን ጆሮዬ ላይ አይዘጋም ብዬ ይህን በእህትሽ በአይሻ ሱቅ በኩል ላክሁልሽ።

ያን ማክሰኞ መቼም አትረሺውም። የለጋሾቹ ገንዘብ ቆመ ተባለና ከሃምሳችን ሠላሳ ስምንታችሁ ከምሳ በፊት ዕቃችሁን በፌስታል ይዛችሁ ወጣችሁ። «ኢየሩ፣ መዝገቤ መሳቢያው ውስጥ አለ» አልሽኝ እንጂ ሌላ ቃል አልተነፈስሽም። እኔም ቀና ብዬ አላየሁሽም።

አሁን ቢሮው ጭር ብሏል። ወንበሮቻችሁን ጥግ ላይ ደራርበዋቸዋል። ምሳዬን ብቻዬን እበላለሁ። በረመዳን አጠገቤ ተቀምጠሽ «ብዪ እንጂ፣ እኔን አትዪ» ስትዪኝ የነበረው ሁሉ ይናፍቀኛል። በጣም ናፍቀሽኛል።

ሰው ስለጎደለ እኔ፣ ከኮምፒውተር ተነስቼ የማላውቀው ሴትዮ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያቋረጡትን ቤት ለቤት እንድፈልግ በአንቺ ቦታ ተመደብኩ። መዝገብሽን ገለጥኩት። በየስሙ ጎን በእርሳስ «እቁብ»፣ «ስፌት»፣ «ሹሩባ» ብለሻል። ሦስት ዓመት ሙሉ የታካሚዎቹ ሥራ መስሎኝ «ሙያ» በሚለው ቦታ ሳስገባው ኖሬያለሁ! ጎረቤት እንዳይነቃ በየቤቱ ምን መስለሽ እንደምትገቢ የያዝሽው ማስታወሻ መሆኑ ጭራሽ አልመጣልኝም። ባዩሽ ከምትባለው ታካሚ ስም ጎን «ሹሩባ» ይላል። እንግዲህ ሹሩባ ሠሪ ናት ብዬ፣ የድርጅታችን ስም ያለበትን ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ያንን የቀጨኔ ዳገት ወጣሁት።

በሩን የከፈቱልኝ አማቷ ናቸው። ባጄን አዩና «ከኤች አይ ቪዎቹ ነሽ?» አሉኝ። ባዩሽ ከኋላቸው እርጥብ ልብስ ታቅፋ ቆማለች።

«የኔ እህት፣ ቤት ተሳስተሻል» አለችኝ።

ረሂማ፣ አዎ ተሳስቻለሁ ብዬ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን ፎርሙን አየሁና «ባዩሽ አይደለሽም እንዴ?» አልኳት።

በማግስቱ ስሄድ አማቷ «ሄዳለች» ብለው በሩን ዘጉብኝ። መድኃኒቷን ከተወች ሁለት ወር ሞላት።

የባሰውም አለ። ከቅነሳው በፊት አለቃችን አቶ ጉታ «ማን ስንት ታካሚ እንደመለሰ በቁጥር አውጪልኝ» ብሎኝ ነበር። በዝርዝሩ አንቺ መጨረሻ ላይ ወጣሽ። የሰው ምስጢር ላለማውጣት ስትዪ ግማሹን ጉብኝት ሪፖርት እንደማታደርጊ አውቅ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ወረቀቱን አትሜ ሰጠሁት። አፌን ብከፍት የእኔም ስም እንዳይነሳ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን ድርጅቱ አገግሟል ይባላል። አቶ ጉታ ስብሰባ ላይ «በእግራችን ቆመናል» አለ፤ አጨበጨብን። በር ላይ ግን የሚመጣው ታካሚ በየሳምንቱ እየሳሳ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ጨንቋቸው ከተቀነሱት ስድስት ሰው ሊመልሱ ነው። ትናንት ስለ ወረቀቱ ለአቶ ጉታ እውነቱን ነገርኩት። «ታዲያ ያኔ የት ነበርሽ?» አለኝ። ከዚያ ከሚመለሱት ስምሽን አንደኛ ላይ ጻፈው። ብትመለሺም ባትመለሺም አንቺ ታውቂያለሽ።

ልመናዬ ሌላ ነው። ባዩሽ ሲከፋት የት እንደምትጠጋ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። መድኃኒቷን አሽጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለአይሻ ሰጥቻታለሁ፤ እሷ ምን እንደሆነ አታውቅም። እባክሽ ፈልጊያት። ካገኘሻት ይቅርታ ጠየቀችሽ አትበያት፣ ስሜንም አታንሺባት። የት እንዳለችም ለእኔ አትንገሪኝ። መድኃኒቷን ትዋጥ ብቻ።

ጥፋቷን የማትክደው፣
ኢየሩ
ጉለሌ