ሊቀመንበርን ያተረፈው ቄጠማ

ይርጋዬ፣

«ጤናህ እንዴት ነው» ብዬ አልጀምርም፤ ካለህበት ሆነህ የምታውቀው አንተ ነህ። በጥር ከተለየኸኝ ይኸው አምስት ወር ሞላ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተው ነህና፣ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ የአስተማሪዬ ጥፋት ነው ብለህ ቻለው። እናትህ እማሆይ ከቀብርህ ወዲህ እኔው ጋ ናቸው። ጉልበታቸው ደከመ እንጂ ምላሳቸው አልደከመም። ከተማችን መካነ ኢየሱስም እንዳለች ናት፤ ሰኔ ገብቶ ጭቃው ጀምሮናል። የምነግርህ ትልቁ ወሬ ግን የዓሦችህ ነው።

የመስኮት መስተዋት በማስቲሽ አጣብቀህ ያን ሣጥን የሠራህ ጊዜ፣ ከጣና ዳር ሦስት ቆሮሶ ዓሣ በጀሪካን ይዘህ መጣህ። ከደብረ ታቦር ጀምሮ አውቶቡስ ውስጥ ጀሪካኑን እንደ ሕፃን ታቅፈህ ነበር አሉ። ዓሣ ለመጥበሻ እንጂ ለሳሎን ነው ወይ ብዬ ሰፈር እስኪሰማ ጮኽኩብህ። አንተ ግን ሰምተህ አልሰማህም። ጉንጩን ነፍቶ ሌሎቹን ከፍርፋሪው የሚያባርረውን ትልቁን ዓሣ «ሊቀመንበር» ብለህ ስም አወጣህለት፤ ቀበሌ እንዳይሰማም በሹክሹክታ እንጠራው ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እቀናባቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቀድመህ የምታየው እነሱን ነው።

አንተ በየቀኑ ውሃቸውን ትቀይር ነበር። መጋቢት ላይ ምንጩ ቀጥኖ አንድ እንስራ ለመቅዳት የግማሽ ቀን ወረፋ ሆነ። የሣጥኑ ውሃ አረንጓዴ ሆነ፤ ሸተተ። አንድ ጠዋት ትንሿ ዓሣ ጎኗን ሰጥታ ተንሳፈፈች። በቀብርህ ቀን ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩ። እማሆይ አዘኑልኝና «ልጄ፣ እነዚህም ፍጥረት ናቸው፣ ወንዝ ይግቡ» አሉኝ። አንድ ተጨማሪ ከታመመ ወስደን ልንለቃቸው ተስማማን። የእኔ መስማማት ግን ከአንገት በላይ ነበር። አንተ ያመጣኸው፣ ትንፋሽ ያለው ነገር በቤቱ የቀረው እነሱ ብቻ ነበሩ።

ያኔ ቄጠማ የሞላበት ረግረጉ ጨፌ ትዝ አለኝ። ሳንጋባ በፊት፣ ከጨፌው በታች ውሃ ስቀዳ መጥተህ ለምን ከላይ አትቀጂም አልከኝ። ከብት የበጠበጠው ውሃ በቄጠማው ሥር አልፎ ሲወርድ ጠርቶ እንደሚወጣ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ በሳምንቱ የራስህ ግኝት አስመስለህ ለተማሪዎችህ ነገርካቸው! አልረሳሁትም።

እናም ቂጡ የተቀደደውን ሳፋ አወጣሁ። በምስማር ቀዳዳ ጨመርኩበት፣ የወንዝ ጠጠር አነጠፍኩበት፣ ቄጠማ ከነሥሩ ነቅዬ ተከልኩበት። ከዚያ በሁለት አጣና ላይ አድርጌ ከሣጥኑ አፍ በላይ አስቀመጥኩት። ከሣጥኑ ሥር የደፈረሰውን ውሃ በጣሳ እየቀዳሁ ሳፋው ላይ አፈሳለሁ፤ ውሃው በሥሩና በጠጠሩ መካከል አልፎ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ጠዋት ሃያ ጣሳ፣ ማታ ሃያ ጣሳ። የመጀመሪያ ቀን የሥሩን ጭቃ ሳላጥብ ተክዬ ሣጥኑን አተላ አስመሰልኩት፤ ነቅዬ፣ አጥቤ፣ እንደገና ተከልኩ። በአሥራ አምስት ቀኑ ግድግዳው ላይ የለጠፍነው ጋዜጣ በውሃው ውስጥ አልፎ ተነበበልኝ። ምነው ባየህልኝ አልኩ።

ቀዳም ሹር ደረሰ። በድርቁ ምክንያት ለምለም ቄጠማ በአገሩ ጠፍቶ መሪጌታ ለሰው የሚያድሉት አጡ። እኔ ወረፋ ላይ ነኝ። እማሆይ ሆዬ፣ ቄጠማ በቤታችን ሞልቶ ብለው ማጭድ አንስተው ጥርግ አድርገው አጭደው ሰጧቸዋ! እንስራዬን አዝዬ ስመለስ ሰፈርተኛው ሁሉ የሊቀመንበርን ማጣሪያ በራሱ ዙሪያ አስሮ ጠበቀኝ። የእውነተኛው የቀበሌ ሊቀመንበር ሚስት ሳትቀር ደርሷታል። ለእኔም አንድ ዘለላ ተሰጠኝ። በትንሣኤ ዋዜማ ማንን ልቆጣ? አስሬ ገባሁ።

ሥሩ ስላልተነካ ጣሳዬን አላቋረጥኩም፤ ቡቃያውም ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ሊቀመንበር ግን መብላት አቆመ። አፉን ገጥሞ፣ ጉሮሮው አብጦ፣ ጥግ ይዞ ቆመ። ፍርፋሪ ብጥልለት ዞር አይልም። ሳምንት አለፈው። ማጣሪያው ስለታጨደ ውሃው መረዘው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እማሆይም በጥፋታቸው ተጨነቁ፤ ጾምና ስግደት በማይፈቀድበት በበዓለ ሃምሳ ሆነባቸው እንጂ ሱባኤ በገቡ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት፣ በቃላችን መሠረት ወንዝ ልንወስዳቸው ጀሪካኑን አዘጋጀሁ። እጄን ወደ ውሃው ሳስገባ ሊቀመንበር አፉን ከፈተ። ተልባ የሚያካክሉ ዓሦች ከአፉ ወጥተው ተበተኑ! በድንጋጤ እጄን መለስኩ። ጥቂት ቆይተው ተግተልትለው እዚያው አፍ ውስጥ ሲገቡ ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ ሊቀመንበር ሴት ናት። እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው ምግብ የተወችው።

እማሆይ እልልታውን ለቀቁት። ወንድ ይሁን ሴት ስላልታወቀ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ብለው አልቆጠሩም፤ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ አስነኩት። ጎረቤት ከሐዘን ቤት እልልታ ሲሰማ እየሮጠ መጣ። አንዷማ የአራስ ጥየቃ መስሏት ቅቤ ይዛ ገባች። ሣጥኑን አሳይተናት አብረን መሬት ላይ ተቀምጠን ሳቅን፤ ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርህ። ከሞትክ ወዲህ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ በመጨረሻው ሳምንት ትራሱ ላይ የከሳው ፊትህ ብቻ ነበር። የሳቅህ ድምፅ ጠፍቶብኝ ነበር። ስንት ቀን ፈለግሁት፣ አጣሁት፤ ሚስቱ ሆኜ እንዴት እረሳለሁ እያልኩ አፈርኩ። ያን ለት ግን በሳቃችን መሃል ድንገት ሰማሁት፤ ያንኑ ወንበሩን የሚያንቀጠቅጠውን፣ መጨረሻ ላይ ሳል የሚሆነውን። ይርጋዬ፣ ዳግመኛ እንዳልረሳው ቃል እገባልሃለሁ።

ሚስትህና ተማሪህ፣
ሙሉ