ካሩምቤ የሚባል ተጫዋች

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ትናንት ሆጤ ባጃጅ ተራ «ተጫዋቹ ማነው?» ስንጫወት፣ ሁሌ የሚያሸንፈኝን ሰይድን ላሞኘው ብዬ ከጭንቅላቴ አንድ ተጫዋች ፈጠርኩ። «አጭር፣ ግራ እግር፣ ቡሩንዲያዊ» አልኩ። ሁሉም አቃታቸው። «ካሩምቤ ነዋ» ስላቸው ሰይድ «ምላሴ ላይ ነበር እኮ፣ ሲጫወት አይቸዋለሁ» አለ። ሳቄን ዋጥኩ።

ዛሬ ስሙን ባጃጁ ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም አጽፎ መጣ።

«ወላሂ፣ እንዲህ የሚባል ሰው የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አልኩት።

«አንተ ደሞ መቼ እውነት አውርተህ ታውቃለህ?» አለኝ። ሌሎቹም አገዙት። አንዱማ ካሩምቤ ያገባውን ጎል በእግሩ እያሳየ ተረከልኝ።

ሰይድ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ይወርዳል። እዚያ ያሉት የአጎቱ ልጆች ኳስ አዋቂ ናቸው፤ መሳቂያ ሊያደርጉት ነው። ማታ ሳያየኝ ቀለሙን ልፍቅ ተጠጋሁ። ሰይድ ግን እዚያው ቆሞ አቧራ እንዳይነካው ስሙን በእጅጌው ይወለውላል።